«እንግዲህ ሰው ይበለን» መልስ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሠርግ ወጪ፣ ስለ ሠርግ ልብስ፣ ስለ ሠርግ መኪና ሲጻፍ ብዙ አንብቤያለሁ። ስለ መጥሪያው ግን ትንፍሽ ያለ ሰው አላየሁም። ቀላል ነገር ስለሚመስል ይሆናል። እኔም ቀላል ነበር የመሰለኝ። ታናሽ እህቴ በቅርቡ ስታገባ «መጥሪያውን ለእኔ ተዉት፣ እሷ ምን አላት» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ተረከብኩ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን እኔ አውቃለሁ።

የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ስለሆነ ዋናውን ቶሎ ልናገር። 118 ካርድ በተንን። መልስ አሳውቁን ባልንበት የመጨረሻ ቀን መልስ የሰጡን 51 ናቸው። 67ቱ ዝም። ካርዱ አልደረሳቸውም እንዳልል፣ ግማሾቹን በእጄ ነው ያደረስኩት። የመጥሪያ ካርድ ወርቅ ቢቀባ፣ ሪባን ቢታሰርበት፣ ውስጡ ያለው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ትመጣለህ ወይ?» ጠሪው ካርዱን ሲያሳምር ጥያቄውን ይረሳዋል፣ ተጠሪው ደግሞ «ሲያምር!» ብሎ መደርደሪያ ላይ ያቆመዋል። የምግብ አዘጋጁ ግን ስንት ሰው እንደሚመጣ ሊነገረው ይፈልጋል፣ በግምት አይሠራም።

ሰውን ከመውቀሴ በፊት ግን የራሳችንን ጥፋት ልናዘዝ። እኛም ከመጀመሪያው ነው ያበላሸነው።

የጀመርነው ከካርዱ መልክ ነው። እህቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሪባን ስትመርጥ ከረመች። ክሬም ይሁን ነጭ፣ ይታሰር ወይስ ይለጠፍ። ናሙና በናሙና ሆነን ማተሚያ ቤት ስንገባ ሰውየው ካርዱን አየት አደረገና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን። «ስንት ይታተም?» እርስ በርስ ተያየን። እኔ 300 ስል እህቴ 150 አለች። ሰውየው ሳቀ። «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስም ዝርዝሩን ይዛችሁ ኑ» ብሎ መለሰን።

ለካ ነገሩ ከኋላ ወደፊት ነው የሚሠራው። መጀመሪያ አዳራሹ ስንት ሰው ይይዛል? ከዚያ የስም ዝርዝር። ከዚያ ዝርዝሩ በየቤቱ ይሰበሰባል፣ ምክንያቱም ካርድ የሚላከው ለቤት እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው አይደለም። ባልና ሚስት አንድ ካርድ ናቸው። አብረው የሚኖሩ ልጆችም እዚያው ይገባሉ። የእኛ 230 እንግዳ ሲሰበሰብ 118 ካርድ ሆነ። 300 አሳትመን ቢሆን ኖሮ ዛሬ የልጆች መሣያ ወረቀት በሽበሽ ነበር።

ቢሆንም ልክ 118 አይታተምም። ሰውየው ከ10 እስከ 15 በመቶ ጨምሩ ብሎ መከረን፣ እኛም 135 አሳተምን። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ገባኝ። ማሽኑን ለአንድ ሥራ ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ወጪ ነው፣ 20 ቢታተም 200 ቢታተም ያው ነው። አሁን 20 ካርድ ሲጨመር የሚጨምረው የወረቀትና የቀለም ዋጋ ነው። ከሳምንት በኋላ 20 ጎደለን ብላችሁ ብትመለሱ ግን ማሽኑ እንደ አዲስ ይዘጋጃል። ፖስታው ደግሞ ከካርዱም በላይ ትርፍ ይፈልጋል። ስም በእጅ የሚጻፈው እሱ ላይ ነው፣ ሰው ደግሞ ሲደክመው ይሳሳታል።

ዝርዝሩን ስናወጣ የሆነውን በሙሉ አልተርክም፣ የቤተሰብ ገመና አለበት። ብቻ እናቴ አንድ ደብተር ይዛ መጣች፣ አባቴ ከጭንቅላቱ ማውረድ ጀመረ። «እነሱ ጠርተውን የለም እንዴ?» የሚለው ክርክር ብቻ ሁለት ማታ ፈጀ። በመጨረሻ የታረቅነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ከዚህ ሰው ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አውርተናል? አላወራንም ከተባለ ስሙ ወደ ሁለተኛው ገጽ ይሄዳል። ይሉኝታ ያዘንና ስድስት ሰው ከሁለተኛው ገጽ መለስን። ከስድስቱ ሁለቱ መጡ።

ስለ ሁለተኛው ገጽ ካነሳሁ አይቀር፣ ሰው ሲቀር በምትኩ ሌላ መጥራት ነውር አይመስለኝም። ነውሩ ሲነቃበት ነው። አንድ ጊዜ ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው መጥሪያ ደረሰኝ። ፖስታው ላይ ስሜ በትንሽ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞር አደረግኩት። ከስር የሌላ ሰው ስም አለ። ሄጃለሁ፣ በልቻለሁ፣ ጨፍሬያለሁ። ያቺን ልጣፊ ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ይህንን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ ማን እንደተጠራ መጻፍ። እዚህ ላይ አንድ ቃል ቢታገድ ደስ ይለኛል፦ «ከነቤተሰብዎ»። ቤተሰብ ማን ነው? ያገቡት ልጆች አሉበት? ለእረፍት የመጣው የወንድም ልጅስ? ሰው ሁሉ እንደ ልቡ ስፋት ይተረጉመዋል። አንድ እንግዳችን በዚያ ቃል ተማምኖ ሰባት ሆኖ መጣ። ደግሞ ምን ይባላል፣ ጽፈንለታል። ፖስታው ላይ ሁለቱንም ስም መጻፍ፣ ውስጡ ደግሞ «ለ2 ሰው» ብሎ ቁጥሩን ማስቀመጥ ይሻላል። ልጆች እንዲመጡ ካልታሰበም «ሕፃናት ይዞ መምጣት አይቻልም» ተብሎ አይታተም፣ የመግቢያ በር ማስታወቂያ ነው የሚመስለው። ስማቸውን ሳይጨምሩ መላክና ለወላጆቹ ደውሎ በቀስታ መናገር ይበቃል።

ስም ደግሞ እንደ ባለቤቱ ነው የሚጻፈው። «ኃይሉ» ብሎ የሚፈርመውን ሰው «ሀይሉ» ብትሉት ምንም አይላችሁም፣ ግን ያያታል። በሠ እና በሰ፣ በዐ እና በአ ላይ ያሉትንም ጠይቁ። ካርዱ ላይ «ሠርግ» ይባል «ሰርግ» በሚለውም ከዲዛይነሩ ጋር ተከራክረናል። በንጉሡ ሠ ነው ያስጻፍኩት፣ አሁንም አልተጸጸትኩም።

ወደ ኅትመቱ ስንገባ፣ ስልክ ላይ ያያችሁት ወርቃማ ቀለም ወረቀት ላይ አይመጣም። ስልኩ ቀለምን የሚያሳየው በብርሃን ነው። ማተሚያው ግን አራት ቀለሞችን ነው የሚያደባልቀው፣ ወርቁም እንደ ሰናፍጭ ሆኖ ያርፋል። የሚያብለጨልጭ ወርቅ ከተፈለገ ፎይል ይባላል፣ ለብቻው በሙቀት ተጭኖ የሚለጠፍ ነው፣ ወጪውም ለብቻው ነው። ፋይሉን ስትወስዱ ደግሞ ፊደሉ (ፎንቱ) አብሮ የተቀመጠበት ፒዲኤፍ ይሁን። አለዚያ የእናንተ ኮምፒውተር ላይ የነበረው ቆንጆ የአማርኛ ፊደል ማተሚያ ቤቱ ጋ ሲከፈት ወይ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል ወይ ባዶ ሳጥን ብቻ ይሆናል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም አካባቢ ከሆነ ደህና ይቆማል፣ የቢሮ ወረቀት 80 ግራም ነው። ኤ6 ከሚባለው የካርድ መጠን ብዙ ባይወጡም ጥሩ ነው። 105 በ148 ሚሊሜትር ነው፣ በየቦታው የሚገኘው ሲ6 ፖስታ ውስጥ ልክክ ይላል። አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ካርድ ያምራል፣ ግን በአንዳንድ አገር የፖስታ መለያ ማሽን ስለማይቀበለው ተጨማሪ ያስከፍላል። እኛ ይህን ያወቅነው አገር ውጭ ላሉት ስንልክ፣ ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ቆመን ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋት።

ሠርጉ መጀመሪያ ቅዳሜ ነበር። አዳራሹ ስለተያዘ ወደ እሁድ ገፋነው። ዲዛይነሩ ጋ ደውለን ቀኑን አስቀየርን፣ እሱም ቁጥሩን ቀየረው። ቁጥሩን ብቻ። ናሙናው መጣ። እህቴ አየችው፣ እጮኛዋ አየው፣ እኔ አየሁት፣ ፈረምንበት። ያየነው ግን ሪባኑን ነበር። 135 ካርድ ታትሞ፣ ተቆርጦ፣ ታጥፎ ቤት ገባ። አክስታችን አንዱን አንስታ፣ መነጽሯን ፍለጋ ቦርሳዋን በርብራ፣ አነበበች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ የሆነ ነገር ስታይ ቆየችና «ይሄ ቀን እሁድ አይደል እንዴ? ቅዳሜ ይላል እኮ» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ።

እርማት የሚያይ ሰው ሠርጉ መቼ እንደሆነ የማያውቅ ቢሆን ይሻላል። የሚያውቅ ሰው ዓይን የተጻፈውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው የሚያነበው። ለጎረቤት ስጡት፣ ለሥራ ባልደረባ ስጡት። «ይህን ካርድ አንብብና መቼ፣ ስንት ሰዓት፣ የት እንደምትሄድ ንገረኝ» በሉት። ከተደናበረ ካርዱ ገና ነው። ቀንና ቁጥሩን ካላንደር ላይ አስተያዩ። ስልክ ቁጥሩን ደውሉበት። የካርታ ኪውአር ኮድ ካለው የታተመውን ናሙና በሁለት ሦስት ዓይነት ስልክ አንብቡት፣ ኮምፒውተር ላይ ያለውን አይደለም። ኮዱንም ከየትም ነጻ ድረ ገጽ አታውጡ፣ አንዳንዶቹ የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ መሥራት ያቆማሉ። ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ቀኑን 03/04 ብላችሁ አትጻፉ። አንዱ አገር ቀኑን ያስቀድማል፣ ሌላው ወሩን። አንድ ወር ልዩነት ያመጣል። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ምን ይከብዳል? ሰዓቱም ላይ የጠዋት ነው የከሰዓት የምትል ቃል አትቅር።

እንደገና ለማሳተም ጊዜም ገንዘብም አልነበረም። ታዲያ ምን አደረግን? ለጠፍን። «እሁድ» የምትል ትንሽ ወረቀት አሳትመን፣ ወንድሜ በማስመሪያ እየለካ ሲቆርጥ፣ እኔ በጥፍሬ ጫፍ እየያዝኩ ስለጥፍ፣ እህቴ ደግሞ መጽሐፍ እየጫነችባት እንዳይነሳ ስትጠብቅ አነጋን። ያቺን የተለጠፈች ስሜን ሳማርራት የኖርኩ ሰውዬ በአንድ ሌሊት 135 ለጠፍኩ። ዓለም እንዲህ ናት።

መቼ ይላክ ለሚለው ብዙ አልል። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ቪዛና ትኬት አለበት፣ ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፣ ስለዚህ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ቀደም ብሎ «ይህን ቀን ያዙልን» የሚል አጭር መልእክት ይላክለት። ዋናው ካርድ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲቀረው ይበተን። ከዚያ ከቀደመ ሰው ይረሳዋል፣ ከዘገየ ሰው ሌላ ቀጠሮ ይይዛል። የመልሱ ቀን ሠርጉ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ሲቀረው ቢሆን ጥሩ ነው፣ ዝም ያለውን ለመደወል ጊዜ ይሰጣል።

ደግሞ መልሱ ለማን? እኛ የሙሽራዋን ስልክ ነበር የጻፍነው። ልብስ ስትለካ ይደወልላታል፣ ጸጉሯን ስትሠራ ይደወልላታል። የምትጠየቀው ደግሞ «መኪና ማቆሚያ አለ?» ነው። ነገር የማይበዛበት፣ ስልክ የሚያነሳ አንድ ዘመድ ይመደብ። ካርዱ ላይም «አር ኤስ ቪ ፒ» የምትለዋን የፈረንሳይኛ ምሕጻር አታስቀምጡብን። «እባክዎ ይመልሱ» ለማለት ነው፣ ግን ያስቀመጧትም ያነበቧትም ብዙዎቹ ጌጥ ነው የምትመስላቸው። «መምጣት አለመምጣትዎን እስከዚህ ቀን ድረስ በዚህ ስልክ ያሳውቁን» ቢባል ማንም ይገባዋል።

በቴሌግራምና በዋትስአፕ መጥራትን የሚንቁ አሉ። እኔ አልንቅም። ለሩቅ ሰው ከእሱ የተሻለ የለም፣ ቀን ቢቀየርም ልጣፊ አያስፈልገውም። ግን 200 ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ ጥሎ «ሁላችሁም ተጠርታችኋል» ማለት ማንንም እንዳለመጥራት ነው። አንድ በአንድ፣ በስሙ፣ ከሁለት መስመር ሰላምታ ጋር ይላክ። ምስሉም በፋይል መልክ ይላክ፣ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ጽሑፉ ይደበዝዛል። አንድ የአባቴ ዘመድ «ጥሪ አልደረሰኝም» ብለው ተቀየሙን። ስልካቸውን ተቀብዬ ሳይ ካርዱ አለ። ካልተከፈቱ 300 ምናምን መልእክቶች መካከል ተቀብሮ። እንደ እሳቸው ላለ ሰው ወረቀት ወይም የስልክ ጥሪ ነው የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ ተጠሪዎች ልዙር፣ የመጣሁትም ለዚህ ነው።

«እንግዲህ ሰው ይበለን» መልስ አይደለም። «እስቲ እናያለን» መልስ አይደለም። «አንተ ደግሞ፣ የእህትህን ሠርግ ልቀር ነው እንዴ!» የምትለዋም ብትሆን ጆሮ ታስደስታለች እንጂ አታስተማምንም፣ እንደዚያ ካሉኝ አራቱ ቀርተዋል። በእኛ ቀን 26 ወንበር ባዶ ነበር፣ በሌላ በኩል ደግሞ ያልቆጠርናቸው 30 የሚሆኑ ሰዎች ቆመው ቦታ ሲፈልጉ ነበር። ባዶው ጠረጴዛ ከፊት ነው፣ የቆሙት ከኋላ። ሙሽሪት ይህን እያየች ነው ፎቶ የምትነሳው።

አልመጣም ማለት ስድብ አይደለም። ቶሎ የተባለ «አልችልም» ለጠሪው ስጦታ ነው፣ ወንበሩን ለሌላ ሰው ይሰጥበታል። የእህቴ አንዲት ጓደኛ ካርዱ በደረሳት ማግስት «ፈተና ስላለብኝ አልችልም፣ ግን ከልቤ ደስ ብሎኛል» ብላ ጻፈች። ከመጡት ከግማሾቹ ይበልጥ ነው የማመሰግናት። ሁለት ሰው ተብላችሁ ከሆነ ሦስተኛ አትጨምሩ፣ ግድ ከሆነ ደውላችሁ ጠይቁ። «እገሌን ለምን አልጠራችሁም?» ብላችሁም አትደውሉ። በዚያ ሰሞን ጠሪው የሚያስረዳበት አፍ የለውም። የመጨረሻ ቀን ላይ ነገር ከገጠማችሁ ደግሞ አንድ መስመር ጽሑፍ ትበቃለች።

በመጨረሻ ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዝርዝሩን ይዤ ተቀመጥኩና 67ቱን አንድ በአንድ ደወልኩ። ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ብዙዎቹ «ውይ! ልደውል ስል ነው እኮ» አሉኝ። አንዳንዶቹ አላነሱም። አንድ አዛውንት ግን፣ የአባቴ የጥንት ጓደኛ ናቸው፣ ወዲያው አነሱ።

«ጋሼ፣ መምጣትዎን ለማረጋገጥ ነው የደወልኩት።»

«እመጣለሁ እንጂ ልጄ፣ ይሄም ይጠየቃል?»

«መልስ ስላልሰጡን ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። «እኔማ ልጠይቃችሁ አፍሬ ነው። እዚህ እሁድ የምትል ወረቀት ተለጥፋለች፣ ባነሳት ከስር ቅዳሜ ይላል። የቱ እንደሆነ ስላልገባኝ ሁለቱንም ቀን ልመጣ ነበር ያሰብኩት።»

ከአክብሮት ጋር፣
የሙሽራዋ ታላቅ ወንድም